ዓይን አይቶ የሚከፈተው ማንበቢያ

የባለቤቴ አባት ገና ባልወጣ ዕቃ ላይ አምስት ወር ሙሉ ሲከራከሩ ከረሙ። ዕቃው የሆነ አገር፣ የሆነ ፋብሪካ ውስጥ እየተሠራ ነበር አሉ። መቀሌ ሓድነት፣ እኛ ግቢ የደረሰው ግን ወሬው ብቻ ነበር። ለአቦይ ደግሞ ወሬው ይበቃቸዋል።

አቦይ፣ አባቴ፣ የምላቸው ልጆቻቸው እንደሚሏቸው ነው። እኔም የዚሁ ከተማ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከወሎ ለቢሮ ሥራ የመጣ፣ እናቴ የእንደርታ ሴት። ቤታችን ውስጥ ሁለቱም ቋንቋ ይነገር ስለነበር አድጌ የአማርኛ አስተማሪ ሆንኩ። አቦይ ይሄን ሙያዬን እንደ ገዝሚ ነው የሚቆጥሩት፤ ሙሽራዋ ከወላጆቿ ቤት ይዛው እንደምትመጣው ስጦታ። በሠርጌ ማግስት ለጎረቤቱ ሁሉ "ለልጄ ሚስት፣ ለእኔ መዝገበ ቃላት መጣልኝ" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዓይናለም፣ የከተማው ውሃ ከሚቀዳባቸው ጉድጓዶች ጋ የፓምፕ ሠራተኛ ነበሩ። ፓምፑ ደህና ከሆነ ሥራው መቀመጥ ነው። አቦይ ተቀምጠው ያነባሉ፤ የፓምፑ ድምፅ ሲለወጥ ብቻ ከመጽሐፉ ቀና ይላሉ። ልብ ወለዱን፣ ታሪኩን፣ የጤና መጽሐፉን፣ ሌላው ቀርቶ ከፓምፑ ጋር የመጣውን መመሪያ ሳይቀር ሦስቴ አራቴ አንብበውታል። መጽሐፎቹ የሚመጡት ደግሞ ከአንድ ሰው ነበር።

ያ ሰው ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡና የተበተነውን የሚጠርዙ የወሎ ሰው ናቸው። ሐጂ እንላቸዋለን። መካን ገና አላዩም፤ ግን ከብዙ ዓመት በፊት "ዘንድሮስ ሐጅ እሄዳለሁ" ብለው ስለነበር ገበያው ማዕረጉን አስቀድሞ ሰጣቸው። በወጣትነታቸው ለጉልበት ሥራ መቀሌ መጥተው፣ አንድ ቀን ከጭነት መኪና ያወረዱት ጆንያ ተቀዶ መጽሐፍ ሲፈስ አዩና ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልተሸከሙም። ከአቦይ ጋር የሚነጋገሩት በአማርኛ ነው፤ አንዱ የወሎውን፣ አንዱ ትግርኛ የገባበትን። ጓደኝነታቸው መተራረብ ነው። ሳይተራረቡ የዋሉ ቀን ሁለቱም ያማቸዋል።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። ናይሮቢ ነርስ ሆና የምትሠራው የባለቤቴ ታናሽ እህት ደውላ፣ መጽሐፍ ማንበቢያ ልታመጣላቸው እንዳሰበች ለአባቷ ነገረቻቸው። ኢ-ሪደር የሚሉት ነው፤ እንደ ስልክ ያለ፣ ግን ለማንበብ ብቻ የተሠራ።

"አሁን ያለውን ግን አልገዛም አቦይ" አለቻቸው። "አዲስ ሊወጣ ነው፤ በጣም የተሻለ ነው ይባላል። ለፋሲካ ስመጣ ይዤው እመጣለሁ።"

አቦይ ስልኩን ዘግተው በማግስቱ ጠዋት ቀዳማይ ወያነ ወረዱ። እኔም ለተማሪዎቼ የሚጠረዝ መጽሐፍ ይዤ አብሬያቸው ነበርኩ።

"ሰማህ ወይ ሓወይ፣ ወንድሜ?" አሉ ገና ሰላምታው ሳያልቅ። "ሺህ መጽሐፍ በአንድ ሰሌዳ ላይ! አንዱን አንብበህ ስትጨርስ ይጠፋና ሌላው ይመጣል።"

ሐጂ መርፌያቸውን ከጥራዙ ሳያወጡ፣ "ይሄ ነው አዲሱ?" አሉ። "እኛ ልጅ ሆነን ቁርኣን ስንቀራ ሎህ ነበረችን። በእንጨቷ ላይ ይጻፋል፣ ይቀራል፣ ታጥባ ደግሞ ሌላው ይጻፋል። ፈረንጅ ገና አሁን ነው እንዴ የደረሰበት?"

"ያንተ ሎህ ብርሃን አላት?"

"የኛ ብርሃን ቃሉ ውስጥ ነበር" አሉ ሐጂ። አቦይም ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ግን በዚህ ሰዓት ዳኛ መሆን እንደማያዋጣ ስለማውቅ የሚጠረዘውን መጽሐፍ ለሐጂ አቀበልኩ።

ከዚያ ወዲህ ወሬው በባለቤቴ በኩል መግባት ጀመረ። ባለቤቴ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ማታ ማታ ራት ላይ ስልኩን ከፍቶ አዲሱን ማንበቢያ በተመለከተ ሾልኮ የወጣ የተባለውን ሁሉ ያነብላቸዋል። ባለ ቀለም ሊሆን ይችላል። ውሃ ቢገባበት አይበላሽም ይባላል። አንድ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንታት ይቆያል። በብዕር ይጻፍበታል የሚሉም አሉ፤ የለም፣ እሱ የሚቀጥለው ላይ ነው የሚሉም አሉ። አቦይ እያንዳንዱን ወሬ በማግስቱ ለሐጂ ያደርሳሉ፤ ሲደርስ ደግሞ ትንሽ አድጎ ነው። ውሃ አይጎዳውም የተባለው ቀዳማይ ወያነ እስኪደርስ ድረስ "ዓይናለም ጉድጓድ ውስጥ ብትጥለው ሳይረጥብ ይወጣል" ሆነ።

አማቴ፣ አደይ የምላቸው፣ ይሄን ሁሉ ምስር እየለቀሙ ይሰማሉ። አንድ ቀን ብቻ፣ "መጽሐፉን ያነብልሃል ወይስ አንተ ነህ የምታነበው?" ብለው ጠየቁ። አቦይም "እኔ ነኝ እንጂ!" አሉ። "ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?" አሉና ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

በኅዳር መጨረሻ አቦይ ጠሩኝ።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ወረቀት አምጪ። ደብዳቤ እንጽፋለን።"

"ለማን ነው አቦይ?"

"ለሠሪዎቹ። እስካሁን አላወጡትም አይደል? ከወጣ በኋላ ከምንወቅሳቸው ሳያወጡት ብንመክራቸው አይሻልም?"

የሚያስቀው ነገር፣ ምክንያቱ ስህተት አልነበረበትም። ወረቀት አመጣሁና ተቀመጥኩ። አቦይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ በረንዳው ላይ እየተንጎራደዱ ያስጽፉኝ ጀመር።

"አንደኛ። ሀ፣ ሐ እና ኀን የማይደባልቅ ይሁን። ዐይኑንና አልፉንም፣ ዐንና አን፣ እንደዚያው።"

"አቦይ፣ አማርኛ ውስጥ እኮ ድምፃቸው አንድ ሆኗል።"

"እናንተ ዘንድ ነው አንድ የሆነው። የእኔ ጉሮሮ ዛሬም ይለየዋል" አሉና ሐውን ከጉሮሯቸው ጥግ አውጥተው አሰሙኝ። ጻፍኩት።

"ሁለተኛ። ፊደሉ የሚያድግ ይሁን።"

"ይሄስ አለው ይባላል። ምን ያህል ይደግ?"

"የሽምብራ ያህል።" ትንሽ ሄዱና ተመለሱ። "ቆይ፣ የባቄላ ያህል በይው።" እንደገና ሄደው ተመለሱ። "ለነገሩ መጠየቅ ካልቀረ የሎሚ ያህል ይሁን።"

እየሳቅሁ ሎሚ ብዬ ጻፍኩ።

"ሦስተኛ። ፀሐይ ሲያርፍበት ገጹ ጭጋግ እንዳይለብስ።"

"ወረቀት ፀሐይ ላይ ጭጋግ አይለብስም እኮ አቦይ።"

"የእኔ ይለብሳል" አሉ። እንደ ቀላል ነገር ነበር ያሉት። "አራተኛ። መብራቱ ሲበራ ዙሪያውን ቀስተ ደመና እንዳይሠራ። እንደ ሳሎናችን አምፖል።"

እስክሪብቶዬ ቆመ። የሳሎናችን አምፖል ዙሪያውን ምንም አይሠራም። ተራ አምፖል ነው። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸው ወደ ግቢው በር እያዩ አምስተኛውን እያሰቡ ነው። ቀኝ ዓይናቸው መሃል ላይ ትንሽ ነጭ ነገር አየሁ፤ ወተት ጠብ ያለበት የሚመስል። በየቀኑ አብሬያቸው ቁርስ እየበላሁ እንዴት እንዳላየሁት እስካሁን ይገርመኛል። ለፋብሪካው የሚላከው ምክር ሁሉ ለእኛ ያልነገሩን ሕመም ነበር።

ደብዳቤውን ጨረስን፤ ባለቤቴ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ድርጅቱ ለአስተያየት ባስቀመጠው አድራሻ ላከው። ሎሚውን ምን ብሎ እንደተረጎመው አልጠየቅኩትም። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ስለጻፉልን እናመሰግናለን፣ አስተያየትዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው የሚል፤ ለሁሉም ሰው ማሽኑ ራሱ የሚልከው ዓይነት። አቦይ ሦስቴ አስነበቡት።

"በአንድ ደቂቃ! የገዛ ልጆቼ እንኳ በአንድ ደቂቃ አይመልሱልኝም።"

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የሚሾልከው ወሬ ሁሉ የእሳቸው ሆነ። ማያው ከበፊቱ ሰፋ ይላል ተባለ፤ "ሎሚውን ሰምተዋል" አሉ። ብርሃኑ ዓይን አይወጋም ተባለ፤ "አራተኛውን አንብበውታል" አሉ።

እኔ ግን በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድኩና ያየሁትን ነገርኳቸው። ሐጂ ክራቸውን አስቀመጡ።

"ልጄ፣ እኔ የማላውቅ መስሎሻል? ከሰኔ ጀምሮ መጽሐፍ ይወስዳል፣ በሳምንቱ 'አነበብኩት፣ ግሩም ነው' ብሎ ይመልሳል። አንዱን መጽሐፍ ሆን ብዬ መጨረሻውን ገጽ በሙጫ አጣብቄ ሰጠሁት። ሳይላቀቅ መለሰልኝ። 'መጨረሻው እንዴት ነው?' ብዬ ስጠይቀው 'ልብ የሚነካ ነው' አለኝ።"

ሳቅሁ።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ ሐጂ?"

"ዓይኑን ይዞ ቢመጣ ኖሮ እናገረው ነበር። ኩራቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ኩራት ደግሞ እንደ አሮጌ ወረቀት ነው፤ በኃይል ከያዝሺው ይቀደዳል።"

ያም ሆኖ ሞከርኩ። የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፣ ዛሬ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይነሣል፣ ሐኪም ይይዎት፣ አልኳቸው። አቦይ ከወንበራቸው ሳይነሡ መለሱልኝ። "ጓለይ፣ ማንበቢያው ሊመጣ ነው። ፊደሉን የሎሚ ያህል ያደርገዋል። በሎሚ ለሚነበብ መጽሐፍ ዓይኔን ለምን አስቀድዳለሁ?" አደይ ለመኗቸው፣ ልጃቸው ለመናቸው። መልሳቸው አንድ ነበር፤ ማንበቢያው ይምጣ።

የካቲት ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሐጂ ሳይጠሩ እኛ ቤት መጡ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር፤ የእሳቸውም ረመዳን እንዲሁ። ሁለት ጾመኛ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ተቆጥተዋል።

"ስለ ማንበቢያህ አንድ ነገር ሰማሁ" አሉ ሐጂ።

አቦይ ቀና አሉ። ሐጂ ስለ ማንበቢያው ወሬ ሲያመጡ የመጀመሪያቸው ነበር። "ምን ሰማህ?"

"የሚከፈተው ዓይን አይቶ ነው አሉ። ቁልፍ የለውም። ታነሣዋለህ፣ ዓይንህን ያያል፣ ካወቀህ ይከፈታል። ካላወቀህ በቃ።"

"የማንን ዓይን?"

"የባለቤቱን ነዋ። ጥቁሩን፣ ብሌኑን ነው የሚያየው። ነጭ ነገር ካየበት ግን ሌባ ነው ብሎ ይዘጋል።" ሐጂ ይሄን ሲሉ መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ እንጂ ማንንም አያዩም። "ለነገሩ አንተን ምን ቸገረህ። ዕድሜህን ሙሉ ዓይናለም ሠርተህ ዓይን አይጠፋህም።"

አቦይ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እውነት ነው?"

ባለቤቴ በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም። አሁንም አልዋሸም። "ስልኮቹማ ፊት እያዩ ነው የሚከፈቱት" አለ። ይሄ እውነት ነው። የራሱን ስልክ አንሥቶ ፊቱ ላይ አደረገው፤ ተከፈተ። አቦይ ስልኩን ተቀብለው ወደ ራሳቸው ዓይን አስጠጉት፤ እምቢ አለ። ደግመው አስጠጉት። እምቢ አለ። የልጃቸው ስልክ ነውና እምቢ ማለቱ ነበር፤ ይሄን ግን ማናችንም አልተናገርንም። እኔም ጭምር። እስካሁን ትንሽ ያሳፍረኛል፣ ብዙ ግን አያሳፍረኝም።

አቦይ ስልኩን ለልጃቸው መለሱ። ከዚያ፣ "ቀዶ ሕክምናው ጾም ላይ ይቻላል ወይ?" አሉ።

አደይ ከማጀት፣ "ዓይን ሥጋ አይበላም!" ብለው ጮኹ።

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ሞራው በሁለቱም ዓይን እንዳለ፣ የቀኙ የበሰለ በመሆኑ ከሱ እንደሚጀመር ነገረችን። አቦይ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መሣሪያ ዓይናቸውን ቢያየው ያውቃቸው እንደሆነ። ሐኪሟ ያልገባት መሰለኝ፤ ግን ደግ ነበረች። "ማንም ያውቅዎታል አባት" አለቻቸው።

ቀዶ ሕክምናው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አቦይ ዓይናቸው ታሽጎ፣ እጄን ይዘው ወጡ። በውጭው አግዳሚ ላይ ባለቤቴ፣ አደይና ሐጂ ተደርድረው ነበር። ሐጂ ቀኑን ሙሉ ሱቃቸውን ዘግተው ነው የዋሉት፤ ሲጠየቁ ግን "በዚህ በኩል ሳልፍ ነው" አሉ። በዚያ በኩል የሚያልፉበት ምንም ምክንያት አልነበራቸውም።

በማግስቱ እሽጉ ሲነሣ አደይ ፊት ለፊት ቆመው ነበር። አቦይ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉ። አደይን ትክ ብለው አዩ።

"አንቺ መቼ ነው ያረጀሽው?" አሉ።

"አንተ ሳታይ" አሉ አደይ፤ ነጠላቸውንም ወደ ፊታቸው ሳቡ። ያለቀሱ መሰለኝ፤ ሲስቁም እንደዚያው ናቸው።

በሚኒባስ ወደ ሓድነት ስንመለስ አቦይ መስኮት ዳር ተቀምጠው የመንገዱን ማስታወቂያ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። "ጎሚስታ። የወንዶች ፀጉር ማስተካከያ። እዚህ መሽናት ክልክል ነው። ትኩስ ዳቦ አለ።" ረዳቱ መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ አብሯቸው ማንበብ ጀመረ። ወርደን በእግር ስንሄድም አላቆሙም። ግድግዳ ላይ በከሰል የተጻፈ የፍቅር ቃል ላይ ደርሰው "ሐውን በሀ ጽፎታል" ብለው ተናደዱ።

ከወር ከምናምን በኋላ፣ ለፋሲካ፣ ልጃቸው ከናይሮቢ መጣች። ማንበቢያው በእርግጥ ወጥቶ ነበር፤ ከነካርቶኑ አመጣችው። ቀለም አለው። ስስ ነው። አቦይ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ አድርቀው፣ ተቀበሉት። ልጅቷ አስቀድማ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ጭናበት ነበርና እንዲከፍቱት ነገረቻቸው። በጣታቸው ነኩት።

ተከፈተ። አቦይም ማያው ላይ ፈዘው ቀሩ።

መጀመሪያ ከደስታ መስሎን ነበር። ከዚያ ግራ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ቀጥለው ቀኙን። እንደገና ግራውን። ፊታቸው ቀስ በቀስ አመድ ሲመስል አየሁ።

"ደህና ነዎት አቦይ?"

"ዓይኔ" አሉ በቀስታ። "ዓይኔ ተመልሶ ሄደ። አንድም ፊደል አይታየኝም። ሳጥን ሳጥን ነው የማየው።"

ከእጃቸው ነጥቄ አየሁት። ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ባዶ ሳጥኖች ተሰልፈዋል። አንድም ፊደል የለም። ያ ሁሉ የተወራለት መሣሪያ የእኛን ፊደል አያውቅም ነበር።

"አቦይ፣ ለእኔም ሳጥን ነው የሚታየኝ! ለሁላችንም ሳጥን ነው! ዓይንዎ ደህና ነው፤ ያላወቀው እሱ ነው!"

አደይም አዩት፣ ባለቤቴም አየው፣ ሁላችንም "ሳጥን ነው፣ ሳጥን ነው" እያልን መሰከርንላቸው። አቦይ ወንበሩ ላይ ተለጥጠው ትንፋሻቸውን አወጡ፤ ከዚያ ሳቁ፤ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። ስንረጋጋ፣ ማንበቢያውን አገላብጠው እያዩ ልጃቸውን ጠየቋት።

"ዓይን የሚያይበት ታዲያ የት ጋ ነው?"

"የምን ዓይን?"

"ሲከፈት የሰውን ዓይን የሚያይበት።"

"አቦይ፣ ይሄ ምንም አያይም። ካሜራም የለውም። ማን ነው እንደዚህ ያለዎት?"

ባለቤቴ በድንገት ውጭ ጉዳይ አገኘ። እኔ የቡና ስኒ ለመሰብሰብ ተነሣሁ፤ ስኒ ግን አልነበረም። አቦይ አንድ በአንድ አዩን፤ በአዲሱ ዓይናቸው። እንዲያ ጥርት አድርጎ በሚያይ ዓይን ፊት መቆም ከባድ ነው።

"ወሎዬው" አሉ በመጨረሻ። "ወሎዬው ሸወደኝ።"

የሳጥኑ ነገር ቀላል ሆነ። የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር አስተማሪ በአንድ ከሰዓት የግዕዝ ፊደል ጫነበት፤ አቦይም ፊደሉን የሎሚ ያህል ማድረግ ሳያስፈልጋቸው፣ በሽምብራ መጠን ማንበብ ጀመሩ። ከሐጂ ጋር ያለው ነገር ግን አልቀለለም። ቀዳማይ ወያነ መውረድ አቆሙ። አንድ ሳምንት ሆነ፤ ሁለት ሆነ። "ዓይንዎን አትርፈውልዎት የለም እንዴ?" ብላቸው፣ "ዓይኔን አትርፏል፤ እኔን ግን እንደ ሕፃን አታልሏል። ሁለቱ ይለያያል" አሉኝ። ሐጂ በበኩላቸው በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ መንገድ ላይ አስቁመው፣ "እንዴት ነው ዓይኑ?" ይሉኛል። ስለ ቁጣው አይጠይቁም።

በሦስተኛው ሳምንት አቦይ ቁጣቸውን ወደ ሥራ ለወጡት። ሐጂ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የጠረዙላቸውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርደው፣ በረንዳው ላይ ደረደሩ። ሰብስበው ሱቁ ድረስ ሊመልሱላቸው ነው አሉ። የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። እያነሡ፣ ጀርባውን እያገላበጡ፣ ሲያስቀምጡ ቆዩና ድንገት አንዱን ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

"ጓለይ፣ ነይ እስኪ እዪው። ይሄ ስፌት ምን ሆኗል?"

የድሮዎቹን አሳዩኝ፤ ክሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ቀጥለው ያለፈውን ዓመትና የዘንድሮን አሳዩኝ። ክሩ እንደ ፍየል መንገድ ይዞራል። አንዱ ቦታ መርፌው ሁለቴ ገብቷል፤ ሌላው ቦታ ጭራሽ ስቷል። በአንዱ ጥራዝ ጠርዝ ላይ፣ ሙጫው ሥር፣ ትንሽ የደረቀ ደም ነበር፤ መርፌ ጣት የወጋበት።

"ይሄ ሰውዬ" አሉ አቦይ ቀስ ብለው፣ "በዳሰሳ ነው የሚሰፋው።"

መጽሐፎቹን አልሰበሰቡም። አንዱን፣ ደም ያለበትን ብቻ፣ በጋዜጣ ጠቀለሉና ኮታቸውን ለበሱ። እኔም ፈተናዬን ትቼ ተከተልኩ።

ሐጂ ሲያዩአቸው ከመቀመጫቸው ግማሽ ተነሡ፤ መቆጣትና መደሰት አብሮ መጣባቸው። አቦይ ሰላምታ አልሰጡም። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ይሄን ስፌት ማን ሰፋው?"

"እኔ ነኛ። ምን ሆነ?"

"ሰካራም ነው የሰፋው የሚመስለው።"

"አስተግፊሩላህ! ክሩ ነው መጥፎ። የዘንድሮ ክር..."

"መርፌ አስገባ" አሉ አቦይ። ከጠረጴዛው ላይ መርፌና ክር አንሥተው ሰጧቸው። "አሁን። እኔ ፊት።"

ሐጂ ክሩን በምራቃቸው አራሱ። ወደ መርፌው አስጠጉት፤ ሳተ። እንደገና አስጠጉት፤ ሳተ። በሦስተኛው እጃቸውን ዝቅ አደረጉ። ገበያው እንደ ወትሮው ይጮሃል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉ አቦይ፤ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

"እንጃ። ካንተ ትንሽ ቀደም ብሎ ይመስለኛል።"

"እና የእኔን ዓይን ለማዳን ስትዋሽ ያንተን ምን ልታደርገው አስበህ ነበር?"

"እኔ ማንበቢያ የሚያመጣልኝ ልጅ የለኝማ" አሉ ሐጂ። ለቀልድ ነበር ያሉት፤ ግን እንደ ቀልድ አልወጣም።

አቦይ መርፌውን ከእጃቸው ወሰዱ። ክሩን ወደ ብርሃኑ አዙረው በአንድ ጊዜ አስገቡትና መልሰው ሰጧቸው። "ሰኞ ጠዋት ሱቅ አትክፈት" አሉ። "ሓራይ፣ እሺ?"

ሐጂ ትከሻቸውን ሰበቁ። ይሄ በእነሱ ቋንቋ እሺ ማለት ነው።

ሰኞ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ወደ ዓይን ሕክምናው አብሬያቸው ሄድኩ። ካርድ የምትጽፈዋ ልጅ ሁለቱን ሽማግሌዎች አየቻቸው፤ አንዱ ክር የተጣበቀበት ጋቢ፣ አንዱ ኮት የለበሱ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው የቆሙ።

"ታካሚው ማን ናቸው?" አለች።

"እሱ ነው" አሉ ሁለቱም በአንድ ቃል፣ እርስ በርሳቸው እየተጠቋቆሙ።

እኔ ትምህርት ይረፍድብኝ ነበርና እዚያው እየተከራከሩ ትቻቸው ወጣሁ። የሐጂ ዓይን ከሁለት ሳምንት በኋላ ተሠራ፤ ገና ያልተነካው የአቦይ ግራ ዓይንም በዚያው ቀን ቀጠሮ ተያዘለት።